የክብር እንግዳው ድንኳን

ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ለክብር እንግዶች የሚሆን ጥላ እንደሌለን ትዝ አለን።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ወንዶች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ውድድር የክፍለ አህጉሩ ማጣሪያ በአገራችን ይደረጋል ተብሎ ነበር፤ ከምድቦቹ አንዱን የሚያስተናግድ ከተማም ይፈለግ ነበር። ቦንጋ አመለከተች። ማን እንዳመለከተላት እስከ ዛሬ አይታወቅም። የስፖርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ፍቅሩ እሱ እንዳልሆነ ይምላል፤ መልሱ ሲመጣ ግን ሲጠብቀው እንደኖረ ሰው ተቀበለው። አንድ ተቆጣጣሪ መጥተው ሜዳውን ይለካሉ፣ በሜዳው ላይ አንድ ሙሉ ጨዋታ ያያሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ። ጨዋታው የቦንጋና የጎረቤት ከተማዋ የዋጫ ታዳጊዎች ግጥሚያ እንዲሆን ተስማማን።

እኔ ፀደንያ እባላለሁ፤ በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነኝ። ሜዳውን የሠራው ባለቤቴ ወንድማገኝ ነው። የስፖርት መምህር ሆኖ ከደሴ ተመድቦ ሲመጣ ቦታው ዳገት ነበር። ኳሷን ከላይኛው ጎል ከለቀቋት ማንም ሳይነካት ታችኛው ጎል ትገባለች እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር በዶማና በአካፋ ቆፍሮ ደለደለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ መንደር ሰዎች ከጫካቸው አንድ ትልቅ ግንድ ሰጡት፤ ግንዱን በገመድ እያስጎተተ መሬቱን ዳመጠበት። ግንዱ ዛሬም ከታችኛው ጎል ኋላ ተጋድሞ አለ። ሜዳው በመንግሥት የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ ሰው ግን የወንድማገኝ ሜዳ ነው የሚለው። የሌላ አገር ልጆች እዚያ ሣር ላይ ሲሮጡ ማየት እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ተቆጣጣሪው እንዲያሳልፉን ከፍቅሩ ይልቅ የምጨነቀው ግን እኔ ነበርኩ።

ወንድማገኝ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ለሕክምና ከቦንጋ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ወላጆቹ ወደ ደሴ ወስደው ቀበሩት። እኔ ስመለስ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ጋሽ ጣሰው በራፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ድንኳን ሊያስተክሉ ነበር።

"እዚያ ተለቅሷል፤ እዚህ አይተከል" አልኳቸው።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ሰው ቤቴ ሲመጣ ሻይ አፈላሁ፤ ስለ ዝናቡ አወራን። ሲወጡ ዕቃ ረስቶ እንደሚሄድ ሰው ወደ ኋላቸው ያዩ ነበር። እየቆየ መንገድ ላይ የሚያገኙኝም እየቀነሱ መጡ። ሥራ በዝቶባቸው መስሎኝ ነበር።

ጥላው ጋ ልመለስ። የሠርግ ድንኳን የሚያከራየው ሰው ድንኳኑን ዋጫ ወስዶታል።

"የእድሩን እንውሰድ" አለ ፍቅሩ።

"የለቅሶ ድንኳን እኮ ነው።"

"ድንኳን ድንኳን ነው። ሸራው ራሱ ያለቅሳል እንዴ?"

ጋሽ ጣሰው አልከለከሉንም። አንድ ነገር ብቻ አስታወቁን። "ድንኳኑ ብቻውን ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ከወጣ አግዳሚው ይከተላል። አግዳሚው ከወጣ ጎላው ይከተላል። ጎላው ከወጣ ንፍሮ ይቀቀላል። ይሄን መለያየት እኔም አልችልም።"

"ንፍሮው ይምጣ፣ ምን ገዶን!" አለ ፍቅሩ።

ሸራው ላይ በነጭ ቀለም የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ፍቅሩ ጽሑፉ እንዳይታይ ሸራው ተገልብጦ እንዲተከል አዘዘ። ሲተከል ግን ጽሑፉ ከውስጥ በኩል፣ ልክ በክብር ወንበሩ ትይዩ ሆነ። እሱን ለመሸፈን "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ጨርቅ ሰቀልንበት።

የድምፅ ማጉያችን ተበላሽቶ ስለነበር ሕዝቡን የሚጠራልን ሰውም ከእድሩ ተዋስን። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰላሐዲን ይባላል፤ ሥራውን የሚያከብር ዝምተኛ ሰው ነው። በዋዜማው ማለዳ ገና ጭጋጉ ሳይነሣ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ነፋ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነገ በአራት ሰዓት በወንድማገኝ ሜዳ! የቀረ ይቀጣል!"

ፍቅሩ ከቤቱ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጣ። "ሰላሐዲን! ጨዋታ የሚለውን ምን ዋጠው?"

"በጥሩምባ ጨዋታ ተብሎ አይነገርም፣ ጋሼ" አለው ሰላሐዲን። "ነውር ነው።"

"ይቀጣል የሚለውስ?"

"እሱማ ሁልጊዜም አለ።"

በጨዋታው ቀን ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ሌላ ለእንግዳ የሚሆን ልብስ የለኝም። ተቆጣጣሪው አቶ ሰብሃት ሜትራቸውን እንደ ልብስ ሰፊ አንገታቸው ላይ ጥለው መጡ። ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። የጎሉን ብረት ለኩ፣ ማዕዘኖቹን ለኩ፣ ተንበርክከው ሣሩን በጣታቸው ለኩ። ግንዱን አይተው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ፤ ነገርኳቸው። ግንዱንም ለኩ።

"ሜዳው መጥፎ አይደለም" አሉኝ ሲጨርሱ። "ግን ሜዳ ይስተካከላል። ሕዝብ ነው የማይስተካከለው። ባለፈው ባየሁት ከተማ ተመልካቹ ዳኛውን እያባረረ ሆቴሉ ድረስ ሸኘው። ሌላው ከተማ ደግሞ ጎል ሲገባ ሕዝቡ ሜዳ ገብቶ ኳሷን ይዞ ሄደ። እስከ ዛሬ አልተገኘችም። እኔ የማየው ተመልካቹን ነው። አንድ ሰው መስመሩን ካለፈ፣ አበቃ።"

ወደ ድንኳኑ ወስጄ በክብር ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

መጀመሪያ የመጡት የታች ሰፈር እናቶች ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አጎንብሰው ገቡና የአቶ ሰብሃትን እጅ ተራ በተራ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

"አሜን" አሉ አቶ ሰብሃት። ከዚያ ወደ ፍቅሩ ዞሩ። "ምን ሆኜ ነው የሚያጸናኝ?"

"የመንገዱን ድካም ነው ጌታዬ" አለ ፍቅሩ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። "ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ..."

"መንገዱስ እውነትም ጽናት ይፈልጋል" አሉ ተቆጣጣሪው፤ የቀሩትን እጆች በትዕግሥት ጨበጡ።

እናቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ሌሎች መጡ። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፤ የገበያ ሴቶች መጡ፤ የባጃጅ ሹፌሮች ባጃጆቻቸውን በሰልፍ አቁመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው በመስመሩ ዙሪያ ቆመ። ያን ያህል ሕዝብ በዚያ ሜዳ አይቼ አላውቅም። አንድም የሚያፏጭ የለም። ንፍሮው በሰፌድ ዞረ።

"ይሄስ?" አሉ አቶ ሰብሃት።

"ለስፖርተኛ የሚስማማ ነው" አለ ፍቅሩ። "ዘይት የለውም።"

አንድ እፍኝ ዘገኑና እያኘኩ ሕዝቡን ቃኙ። "የሚገርም ሥርዓት ነው" አሉ ለራሳቸው።

እኔ ከድንኳኑ ኋላ ጋሽ ጣሰውን አገኘኋቸው። ካስማ እያጠበቁ ነበር።

"ጋሽ ጣሰው፣ ማን ነው የሞተው?"

ቀና አላሉም። "ድንኳኑን የወሰዳችሁት እናንተ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"ሰዉ ለጨዋታ አይደለም የመጣው።"

"እኔ ካስማ ነው የማጠብቀው ልጄ" አሉ። መዶሻቸውን አንሥተው የጠበቀውን ካስማ መልሰው መቱት።

በዚህ መሐል ከመንገዱ በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ። የማንኪራ ሰዎች ናቸው፤ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀምረው እየጮኹ ደረሱ። አቶ ሰብሃት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ምንድን ነው?"

"የደጋፊዎች ዜማ" አለ ፍቅሩ። አሁን ላብ ጀምሮታል።

ከፊት የሚመሩት ጋሽ ማሙሽ ናቸው፤ ስማቸው ማሙሽ ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ንብ አርቢ ናቸው። ያንን ግንድ ለወንድማገኝ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑን አልፈው፣ ፍቅሩን አልፈው፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ሁለት እጄን ያዙ።

"ዘገየሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ግን ደግ አደረግሽ። እዚህ ማድረግሽም ደግ ነው። ቤትሽ አይበቃንም ነበር።"

"ጋሽ ማሙሽ፣ ይሄ እኮ..."

"መንገድ ላይ ባየሁሽ ቁጥር በሌላ በኩል ስዞር ከርሜያለሁ። ያላለቀስኩለትን ሰው ሚስት በምን አፌ ደህና ነሽ ልበላት? አሁን ድንኳኑን ሳይ ተመስገን አልኩ።"

ይህን ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ዞሬ ሕዝቡን አየሁ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። ድንኳኑ የእድሩ ነው። ሜዳው የወንድማገኝ ነው። በሩ ላይ ጥቁር ለብሼ የቆምኩት እኔ ነኝ። በከተማው ውስጥ ይሄን ሳያውቅ የመጣ ሰው ቢኖር እኔ፣ ፍቅሩና ተቆጣጣሪው ብቻ ነበርን።

ፍቅሩ ክንዴን ያዘኝ። "ፀደንያ፣ ሰማሁ። ወይ አሁኑኑ ወጥተሽ እንደዚያ አይደለም በያቸው፣ ወይ ቁጭ በይ። ልጆቹ ልብሳቸውን ለብሰው ጨርሰዋል።"

"አይደለም ብላቸው ምን ይሆናል?"

"አፍረው ይሄዳሉ። ሰውየው ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዳስቀመጥናቸው ያውቃሉ። ሜዳው ቀረ ማለት ነው።"

"ከተቀመጥኩስ?"

ፍቅሩ ጫማውን አየ።

እውነቱን ለመናገር መውጣት ፈልጌ ነበር። ወደ ቤቴ ሄጄ በሬን መዝጋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ፊት ሳላለቅስ የቆየሁት አልቅሼ ስላልጨረስኩ ነው፤ ይሄን ለሜዳ ሙሉ ሰው ማስረዳት አልችልም። ግን ግንዱ ከጎሉ ኋላ ተጋድሞ ይታየኝ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን ነጠላቸውን አውልቀው፣ አዘቅዝቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። የሐዘንተኛ ቦታ ከፊት መሐል ላይ ነው፤ የክብር እንግዳም ቦታ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከአቶ ሰብሃት አጠገብ ሆንኩ።

ሁለቱ ቡድኖች ሜዳ ከመግባታቸው በፊት በታኬታ ጫማ እየተንኳኩ በሰልፍ ወደ ድንኳኑ መጡ። የቦንጋም የዋጫም ልጆች ጎንበስ እያሉ እጄን ጨበጡ። ከቦንጋዎቹ ብዙዎቹን ወንድማገኝ በሕፃንነታቸው አሠልጥኗቸዋል፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ልዑልቃል እጄን ይዞ መልቀቅ አቃተው። ዳኞቹም መጡ። ፊሽካው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ዳኛ "ያጽናሽ" ብሎኝ ሄደ።

"ይሄ ሥርዓት በደንቡ የለም" አሉ አቶ ሰብሃት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ግን ሊገባ የሚገባው ነው።" ከዚያ ነጠላዬን አዩት። ሞኝ ሰው አልነበሩም። "ይቅርታ፣ ማንን ነው ያጡት?"

"ሜዳውን የሠራውን" አልኳቸው።

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። 

ጨዋታው ተጀመረ። እንደዚያ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ በሹክሹክታ "አቀብለኝ" ይባባላሉ። የተጠለፈ ልጅ ተነሥቶ የጠለፈውን ያቅፋል። ኳሷ ስትመታ የምታሰማው ድምፅ እስከ ተራራው ይደርሳል። እትዬ ዘርትሁን ተነሥተው ሙሾ ያወርዳሉ።

"ዳገቱን ደልድለህ፣ አንተው የት ወጣህ፣
ልጆቹ ሲሮጡ፣ ቆመህ ሳታይ ቀረህ።"

ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ዳኛው ቅጣት ምት ሲሰጥ እትዬ ዘርትሁን ይጠብቃሉ፤ ኳሷ ከተመታች በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ የዋጫው በረኛ ኳስ እንደያዘ ቆሞ ሙሾውን ሲያዳምጥ ጊዜ በማባከን ቢጫ ካርድ አየ። ቅር አላለውም።

እኔ አላለቀስኩም። ጉልበቴ ላይ እጄን አጣምሬ ኳሷን እከተል ነበር።

"ያለፍን መሰለኝ" ብሎ ፍቅሩ ከኋላዬ ተነፈሰብኝ። "አንድም ሰው መስመር አልረገጠም። በቃ ይሄን ብቻ ጠብቂልኝ።"

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጋመስ ልዑልቃል ከቀኝ በኩል ገባ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ መታት። መረቡ ተወጠረ።

ማንም አልጮኸም።

ልዑልቃል ሩጫ ጀምሮ ነበር፤ ቆመ። እጆቹ ግማሽ ላይ ቀሩ። ወደ እኔ አየ። ከዚያ ቡድኑ አየኝ፤ ዋጫዎቹ አዩኝ፤ በመስመሩ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ደስ ይበለን ወይ እያሉ ነበር የሚጠይቁኝ። ሐዘንተኛዋ እኔ ስለሆንኩ ፈቃዱ የእኔ ነው።

አቶ ሰብሃትም አዩኝ። ፍቅሩ ከኋላ "እንዳትነቃነቂ" አለ።

ወንድማገኝ ጎል ሲገባ ያብድ ነበር። የማን ጎል እንደሆነ ግድ አይሰጠውም። ቡድኑን እያሠለጠነ የተቃራኒ ልጅ ካገባበት እንኳ ኮፍያውን ወርውሮ መስመሩን አልፎ እየጮኸ ይገባና ልጁን ያቅፈዋል። በዚህ የተነሣ በገዛ ሜዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ካርድ አይቷል። እኔ አፍር ነበር። "ሰው ምን ይልሃል?" እለው ነበር። "ሣሩ የተዘራው ለዚህ አይደል?" ይለኛል።

ዝም ብል ሜዳው ያልፋል። ይሄን አውቃለሁ። ግን የልዑልቃል እጆች እዚያው ግማሽ ላይ ነበሩ፤ የሚያወርዳቸውም የሚያነሣቸውም ሰው የለም። የሌላ አገር ልጆች መጥተው እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ ቢሮጡ፣ ያ ሜዳ የማን ሜዳ ነው?

ተነሣሁ። እልል አልኩ።

በሕይወቴ እልል ብዬ አላውቅም፤ በሠርጌም ቀን ሌሎች ናቸው ያሉልኝ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ከዚያ እልልታ መሆኑ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩት ወጣ። ጋሽ ማሙሽ ያዙኝ። እትዬ ዘርትሁን እንባቸው እየወረደ እልልታውን ከአፌ ተቀበሉት፤ ከሳቸው ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ከሴቶቹ ሜዳው በሙሉ።

ከዚያ በኋላ መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ገባ። የሚያለቅሰውም የሚጨፍረውም ያው ሰው ነበር። ልዑልቃልን ተሸከሙት፤ የዋጫውን በረኛም ተሸከሙት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የባጃጅ ሹፌሮች ጥሩምባቸውን ነፉ፤ ሰላሐዲን የእድሩን ነፋ። አንድ ሰው የድንኳኑ ገመድ ጠለፈውና ሸራው ከነምሰሶው አቶ ሰብሃት ላይ ወረደ። ስናወጣቸው ትከሻቸው ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ጨርቅ ነበር፤ ኮሌታቸው ውስጥ ንፍሮ ገብቷል። ኳሷ ጠፍታ ብዙ ከተፈለገች በኋላ ጎላው ውስጥ ተገኘች። ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ።

አቶ ሰብሃት አቧራቸውን አራግፈው ወደ ሜዳው ገቡ። ያ ሁሉ ሕዝብ የረገጠውን ሣር ተንበርክከው አዩ። በተረከዛቸው መሬቱን መቱት።

"ሜዳው አልፏል" አሉ ተመልሰው። "ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ አንድ ቦታ እንኳ አልሰመጠም። ሕዝቡ ግን ወድቋል። በደንቡ ሁለቱም ማለፍ አለባቸው።"

"ሕዝቡ ድጋሚ አይፈተንም?" አለ ፍቅሩ።

"ድጋሚ የለውም።"

ፍቅሩ ግንዱ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። አቶ ሰብሃት ወደ እኔ ቀረቡ፤ እጄን እንደ እናቶቹ በሁለት እጃቸው ያዙ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። "ቅድም ማለት ነበረብኝ። ያኔ ግን ለኔ እየተባለ ነበር።"

ምሽቱን ድንኳኑን እንመልስ ብዬ ጋሽ ጣሰውን ጠየቅኳቸው።

"ከተተከለ በሦስተኛው ቀን ነው የሚነሣው" አሉ። ሸራውን መልሰው እያቆሙ ነበር፤ አሁን ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርገውታል።

የቀረው ጨዋታም ለሦስተኛው ቀን ተዛወረ። አቶ ሰብሃት አልሄዱም። ደንቡ ተቆጣጣሪው ሙሉ ጨዋታ ማየት አለበት ይላል፤ ስለወደቀ ከተማ የሚለው ሌላ ነገር የለም። በሁለቱ ቀናት ሰው ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። ስለ ዝናብ ማንም አላወራም። ስለ ወንድማገኝ አወሩልኝ፤ ከነገሩኝ ግማሹን አላውቀውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ያለ ሜትር መጥተው ከሽማግሌዎቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ንፍሮውን ሳይጠይቁ ዘገኑ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የዋጫ አንድ ትንሽ ልጅ ከተከላካዮቻችን እግር ሥር ሾልኮ ወጣና አገባ። ሜዳው ዝም አለ። ልጁ እጁን ለማንሣት ፈራ። አንገቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ፀደንያ" አለ ፍቅሩ ከኋላዬ፣ "የዋጫ ነው!"

"አውቃለሁ።"

ተነሥቼ ነጠላዬን አቃንቼ ለበስኩና እልል አልኩ። ፍቅሩ ራሱን ያዘ። ሰዉ መስመሩን አልፎ ልጁን ለመሸከም ሲሮጥ አቶ ሰብሃትም ከመሐላቸው ነበሩ። ጋሽ ጣሰው ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ አልጠበቁም፤ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካስማ ነቀሉ።